መካከለኛ ዋጋ ያለው ትልቅ ሄድፎን ከመግዛትህ በፊት እንዴት ትፈትነዋለህ

ባህር ዳር ግባ ደብረ ማርቆስ፣ ሄድፎን የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ነገር አንድ ነው። ባለሱቁ ቤዝ የበዛበት ዘፈን ይመርጣል፣ ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፣ ጭንቅላትህ ላይ ይጭንልሃል፣ "ስማው ወንድሜ፣ ኦርጅናል እኮ ነው" ይልሃል፣ አንተም ግንባርህ እየተመታ እጅህን ኪስህ ትከታለህ። በዚህ ያወቅከው ሄድፎኑ መጮህ እንደሚችል ብቻ ነው፣ መጮህ ደግሞ መናኸሪያ በር ላይ በእጅ የሚዞረውም ይችላል። ጥሩው ከመጥፎው የሚለየው ዝቅ አድርገህ ስትሰማው ነው፣ ምቾቱ ደግሞ ድምፁ ሳይከፈት ነው የሚታየው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መካከለኛ ዋጋ ስል በውጭው ዋጋ ከ50 እስከ 150 ዶላር አካባቢ የሚሸጡትን፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከቡትን ነው። ከገመድ አልባዎቹ እንደ ሶኒ ሲኤች 720 ኤን፣ ጄቢኤል ቱን 770 እና የሳውንድኮር ኪው 30 ያሉት፣ ከባለገመዶቹ ደግሞ እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 40 ኤክስ እና ሶኒ 7506 ያሉት። በብር ስንት እንደሆነ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ሳምንት አይሰራም።

አንድ ነገር በቅድሚያ። ዋጋው ከፍ ስላለ ድምፁ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ዬሩን ብሬባርት የሚባል ተመራማሪ በ2017 በፈረንጆቹ 283 ሄድፎኖችን ለክቶ በዋጋቸውና ድምፁን በሚያሰሙበት ሚዛን መካከል ግንኙነት አላገኘም። ስለዚህ "ትንሽ ጨምርና ይሄኛውን ውሰድ" ሲሉህ ቶሎ አትሸነፍ፣ በጆሮህ ፍረድ።

ከቤት ሳትወጣ

የምትፈትንበትን ድምፅ ራስህ ስልክህ ላይ ይዘህ ሂድ፣ የባለሱቁን ዘፈን አትቀበል። አዲስ የወጣ ዘፈን ሳይሆን በቃልህ የምታውቀው ይሁን፣ ምክንያቱም የማታውቀው ዘፈን ላይ ጉድለቱ የዘፈኑ ይሁን የሄድፎኑ መለየት አትችልም። እኔ ብሆን እነዚህን እይዛለሁ፦ ከበሮና ጸናጽል ያለበት የማኅሌት ቅጂ፣ አንድ በገና፣ አንድ አዝማሪ በማሲንቆ፣ ጭብጨባና እልልታ የበዛበት የሰርግ ዘፈን፣ አንድ የድሮ የሸክላ ዘመን ዘፈን፣ እና ሰው ብቻ የሚያወራበት ነገር፣ ዜና ይሁን ትረካ። የፈረንጅ ሙዚቃ የምትሰማ ከሆነ እሱንም ጨምር፣ ግን ለፈተና የኛው መሳሪያዎች በጣም ይጠቅማሉ፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታየዋለህ።

የፋይሉ ነገር ቀላል አይደለም። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲዞር የከረመ፣ አስር ጊዜ የተጨመቀ ኤምፒ3 ይዘህ ሄደህ የጸናጽሉ ድምፅ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቢሰማህ ሄድፎኑን አትውቀስ። 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወይም ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀነስ የተቀመጠ ፋይል) ብታገኝ ጥሩ። የድሮ ካሴት ቅጂ ላይ ያለው ሽሽሽታም የቅጂው ነው።

ከዛ ስልክህ ላይ ያለውን ኢኮላይዘር፣ ዶልቢ ምናምን የሚለውን ሁሉ አጥፋ። እነዚህ ከበራ የምትሰማው ሄድፎኑን ሳይሆን የስልክህን ቅመም ነው። የሄድፎኑ የራሱ አፕ ካለና ባለሱቁ ከዚህ በፊት "ቤዝ ቡስት" አድርጎት ከሆነ እሱንም ወደ ነበረበት አስመልሰው።

መጀመሪያ ዝም ብለህ አድርገው

ምንም ሳትከፍት ጭንቅላትህ ላይ አድርገውና ከባለሱቁ ጋር ወሬ ጀምር፣ ስለ ዋጋ ተከራከር፣ ስለ መብራት መጥፋት አውራ፣ ብቻ አስር ደቂቃ ይቆይ። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም አትፈር፣ ብሩ ያንተ ነው። በዚህ ጊዜ ሶስት ቦታ ላይ አተኩር፦ አናትህ ላይ ቀስቱ የሚያርፍበት፣ ከጆሮህ ስር መንጋጋህ አጠገብ፣ እና የጆሮህ ጫፍ። አናትህ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ የሚወጋህ ከሆነ የቀስቱ ስፖንጅ ቀጭን ነው ወይም ቅርፁ ላንተ ጭንቅላት አልሆነም፣ ይሄ ደግሞ ሲቆይ ይብሳል እንጂ አይለመድም። የጎን ጥብቀቱ ግን ይለመዳል፣ አዲስ ሄድፎን ሁሉ በመጀመሪያ ትንሽ ይጠብቃል፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይላላል። አንዳንዱ ሰው መፅሐፍ ደርድሮ ሄድፎኑን ሲለጥጠው ያድራል፣ ቀስቱ ውስጥ ብረት ካለው ይሰራል፣ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ጠዋት ስትነሳ ተሰንጥቆ ልታገኘው ትችላለህ።

ጆሮህ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ገብቷል ወይ? ቀዳዳው ሰፊ ቢመስልም ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ የጆሮህ ጫፍ ውስጠኛውን ጨርቅ ይነካል፣ በመጀመሪያ አይታወቅህም፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ያቃጥልሃል። ጣትህን ስፖንጁ ውስጥ ከተህ ድራይቨሩ (ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) ያለበት ጨርቅ ስንት ጣት እንደሚርቅ እይ። ጆሮው ትንሽ ወጣ ያለ ሰው (ራሴን ጨምሮ) ይሄን ካላየ ይቀጣል።

ክብደቱንም ጠይቅ። ሶኒ ሲኤች 720 ኤን 192 ግራም ነው፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ 285 አካባቢ። ልዩነቱ በእጅህ ስትይዘው ምንም አይመስልም፣ አንገትህ ግን ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ያውቀዋል። ከ300 ግራም በላይ የሆነ ሄድፎን እኔ ለረጅም ጥናት አልመክርም፣ ክብደቱ በደንብ የተከፋፈለ ካልሆነ በቀር። ከዛ ጎንበስ ቀና በል፣ አንገትህን ዙር፣ ወደ ጣሪያው እይ። የሚንሸራተት ከሆነ እየሄድክ አታዳምጥበትም።

ቆዳ ወይስ ጨርቅ የሚለው ደግሞ የምትኖርበት ቦታ ይወስነዋል። ባህር ዳር ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሰው ሰራሽ ቆዳ ያለው ስፖንጅ አድርገህ ሰዓት ብትቀመጥ ጆሮህ ላብ በላብ ይሆናል፣ ማርቆስ ላይ በክረምት ግን ያው ስፖንጅ ብርድ መከላከያ ሆኖ ያገለግልሃል። ቬልቬት የሚመስለው ጨርቅ አየር ያስወጣል፣ ግን የውጪውን ድምፅም ያስገባል፣ ቤዙንም ትንሽ ይቀንሳል። ሰው ሰራሹ ቆዳ ደግሞ በላብና በፀጉር ቅባት ቶሎ ይላጣል፣ ፀጉርሽን ቅቤ የምትቀቢ እህቴ ይሄን ልብ በይ፣ ቅቤ ያለበት ቀን ባታደርጊው ይሻላል። ስለዚህ ስፖንጁ የሚነቀልና የሚቀየር መሆኑን፣ መለዋወጫውም የሚገኝ መሆኑን ጠይቁ፣ ሙጫ ተደርጎበት የተለጠፈ ከሆነ ሲላጥ ሄድፎኑም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

መዳፍህን ጫን

አሁን ድምፅ ክፈት፣ ቤዝ ያለበት ነገር፣ ዝቅ አድርገህ። ሁለቱንም ጎን በመዳፍህ ቀስ ብለህ ወደ ጭንቅላትህ ጫን አድርገው። ቤዙ በድንገት ከፍ ካለ ስፖንጁ አልገጠመህም ማለት ነው፣ በሆነ ቦታ አየር እያመለጠ ነው። ወፍራም ድምፅ በዚህች ቀዳዳ ነው የሚያልቀው። ብዙ ሰው "ይሄ ሄድፎን ቤዝ የለውም" ብሎ የሚመልሰው ሄድፎን ምንም ሳይጎድለው ሳይገጥመው ቀርቶ ነው።

መነፅር የምታደርግ ከሆነ የመነፅሩ እጅ ስፖንጁን ያነሳዋል፣ ስለዚህ መነፅርህን አድርገህ ፈትን እንጂ አውልቀህ አትፈትን። ሹሩባም እንደዛው ነው፣ ወፍራም ሹሩባ ከጆሮ ፊት ለፊት ካለፈ አየር ያስወጣል፣ ሻሽም ከስር ካለ። ለስላሳና ወፈር ያለ ስፖንጅ ይሄን ችግር ይቀንሰዋል፣ ደረቅ ስፖንጅ ግን መነፅሩን ጎንህ ላይ እየሰካ ያሳምምሃል።

ቮሊዩሙን እኩል አድርግ

ሁለት ሄድፎን ስታወዳድር ጆሮ የሚያታልለው እዚህ ጋ ነው። ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ጥርት ያለ ይመስላል፣ ቤዙም የበለጠ ይመስላል፣ ምክንያቱም የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ ከመሃሉ የበለጠ ይቀንሰዋል። እና ባለሱቁ ሊሸጥልህ የፈለገውን ጮክ አድርጎ ሊሰጥህ ይችላል፣ ሳያውቅም ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ሄድፎን በተፈጥሮው ከሌላው በላይ ይጮሃል።

መፍትሄው፦ ያ ሰው የሚያወራበትን ቅጂ ክፈት፣ ሰውየው ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ እንደሚያወራህ እስኪመስልህ ድረስ ብቻ ቮሊዩሙን አስተካክል፣ በሌላኛውም ሄድፎን እንደዛው አድርግ፣ ከዛ በኋላ ነው ሙዚቃ የምትከፍተው። ባለገመድ ከሆነ ደግሞ በኦም የተጻፈውን ቁጥር (የኤሌክትሪክ መቋቋሙን) እይ፣ 32 ወይም 40 አካባቢ ከሆነ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ያጫውተዋል፣ እንደ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 የ250 ኦሙ ዓይነት ከሆነ ግን ስልክህ ይደክማል፣ ሄድፎኑም ያለጥፋቱ የተኛ ይመስልሃል።

ከበሮና በገና

ቤዝ ማለት ብዛቱ አይደለም። ማኅሌቱን ክፈትና ከበሮውን ስማ። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፣ ሰፊውና ጠባቡ፣ ሰፊው ወፍራም ጠባቡ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ጥሩ ሄድፎን ላይ የትኛው ፊት እንደተመታ ትለያለህ፣ ምቱም ይጀምራል ያልቃል፣ ቀጣዩ ሳይመጣ ጥርት ይላል። መጥፎው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት "ዱም" ይሆንና ዱሙም ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል። ወረቡ እየፈጠነ ሲሄድ ይሄ በጣም ይታወቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያውን ብቻ ሰምተህ አታቁም፣ ሞቅ እስኪል ጠብቅ።

በገናው ሌላ ፈተና ነው። አስሩ ጅማቶች ከስራቸው ባለችው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ በሚሏት፣ ምክንያት ያ የታወቀው ንዝረት አላቸው። ድምፁ ወፍራም ነው ግን በላዩ ላይ ብዙ ቀጫጭን ንዝረት አለው። ቤዙ የተጋነነ ሄድፎን ወፍራሙን ብቻ ሰጥቶ ንዝረቱን ይውጠዋል፣ ቤዝ የሌለው ደግሞ ንዝረቱን ብቻ ሰጥቶ ንብ ያስመስለዋል። ሁለቱም አብረው ከተሰሙህ፣ በዛ ላይ የደርዳሪው ቀስ ያለ ድምፅ ሳይሸፈን ቁጭ ካለ፣ ያ ሄድፎን ቤዙ ልኩ ነው። እኔ ሌላ ምንም ሳልይዝ አንድ ቅጂ ብቻ ያዝ ብባል በገና ነው የምይዘው።

መሃሉ፣ ማለትም የሰው ድምፅ

አብዛኛው ሄድፎን የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ሰው ደግሞ የማይፈትነው ይሄንኑ ነው። ርካሹም መካከለኛውም ብዙ ጊዜ ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ አንስቶ መሃሉን ዝቅ ያደርገዋል፣ በመጀመሪያ ስትሰማው "ዋው" ያስብላል፣ ዘፋኙ ግን ከበር ውጭ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል።

አዝማሪውን ክፈት። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር በፈረስ ጭራ ደጋን እየተገዘገዘ ነው፣ ድምፁም የሰው ድምፅ ባለበት አካባቢ ነው የሚኖረው፣ ለዛ ነው አዝማሪ ሲዘፍን ሁለቱ የሚነጋገሩ የሚመስለው። ፈተናው፦ ማሲንቆውና ድምፁ ተለይተው ይሰሙሃል ወይስ ተጣብቀዋል? የደጋኑ ግጭት፣ ያ ሻካራው ነገር፣ ይሰማል? ግጥሙ ሳትጨነቅ ይገባሃል? ጎጃም ውስጥ አዝማሪ የሚሰማው ለግጥሙ ነው፣ ወርቁን ለመያዝ አንዲት ፊደል እንኳ ማምለጥ የለባትም፣ እና ሄድፎኑ ፊደል ከዋጠ ለምንም አይሆንም። ዝቅ አድርገህ እየሰማህ ግጥሙ ካልገባህና ቮሊዩም መጨመር ካማረህ መሃሉ ጎድሏል ማለት ነው።

ሃርማን የሚባለው ኩባንያ ውስጥ እነ ሻን ኦሊቭ ከ2012 አካባቢ ጀምረው ሰው የትኛውን ብራንድ እንደሚሰማ ሳያውቅ ሲፈትኑ፣ አብዛኛው ሰው የመረጠው ጥሩ ስፒከር ጥሩ ክፍል ውስጥ ሲጫወት የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው፣ ቤዙ ትንሽ ከፍ ያለ ግን መሃሉን ያልሸፈነ። አንተ ቤዝ ከወደድክ ውደድ፣ ማንም አይከለክልህም፣ ግን ቤዝ በአፕ መጨመር ቀላል ነው፣ የጠፋን መሃል መመለስ ነው አስቸጋሪው።

ጸናጽል፣ እልልታ፣ "ሰ" እና "ጸ"

ለቀጭኑ ድምፅ ጸናጽል ዳኛ ነው። ብረቶቹ አንድ በአንድ ሲንሿሹ ከተሰማህ ጥሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ "ጭሽ" ከሆነ ደካማ፣ ጥርስህን ካስነከሰህ ደግሞ በዝቷል። እልልታው ላይ ዓይንህን ጨፈን ካስደረገህ ተወው፣ በሱቅ ውስጥ የሚያምር የመሰለህ "ጥርት ያለ" ድምፅ ቤት ሄዶ ራስ ምታት የሚሆነው ይሄ ነው።

ከዛ ወደ ዜናው ተመለስና "ሰ"፣ "ሸ"፣ "ጸ"፣ "ጨ" ያሉባቸውን ቃላት ጠብቅ። እየተፉ የሚወጡ፣ ከሌላው ፊደል ተለይተው የሚዘሉ ከሆነ ከ5,000 እስከ 9,000 ሄርዝ ያለው አካባቢ ተጋንኗል። ካርቶኑ ላይ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ የሚለውን አትይው፣ ሁሉም ይጽፈዋል። "ሃይ ሬዝ" የሚለው ወርቃማ ምልክትም እስከ 40,000 ሄርዝ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው፣ የሰው ጆሮ ደግሞ በልጅነቱም ከ20,000 ብዙም አያልፍም።

ግራና ቀኝ

ለዚህ የድሮው ዘፈን ነው የሚያስፈልገው። በሸክላ ዘመን ከተቀዱት ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ስለዚህ ዘፋኙ ልክ በጭንቅላትህ መሃል መቆም አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሄድፎኑን ገልብጠህ አድርገው፣ ድምፁ አብሮ ወደ ሌላኛው ጎን ከሄደ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሄድፎኑ ነው፣ እዛው ካለ ደግሞ የጆሮህ ወይም የአቀማመጥህ ነው። በዚህ ዋጋ ግራና ቀኙ ያልተመጣጠነ ሄድፎን አትውሰድ፣ "ይስተካከላል" ቢሉህም አይስተካከልም።

የውጭ ድምፅ ማጥፊያው

ኖይዝ ካንስሌሽን ያለው ከሆነ ሱቁ ውስጥ አትፈትነው፣ ወደ መንገድ ውጣ፣ ባጃጅ ያለበት። የሚያጠፋው በአብዛኛው ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ነው፣ የአውቶብስ ሞተር፣ ጀነሬተር፣ የመሳሰለው። የሰው ወሬና ክላክስ ያልፋል፣ ያ ጉድለት አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያውን እየነካህ ሙዚቃው ይቀየር እንደሆነ ስማ፣ በርካሾቹ ላይ ሲበራ ቤዙ ያብጣል ወይም መሃሉ ይሸሻል። ከዛ ፀጥ ያለ ቦታ ሙዚቃ ሳትከፍት አብራው፣ ሽሽሽታ ካለ ሌሊት ስታጠና ያናድድሃል።

አንዳንድ ሰው ሲበራ ጆሮው ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ እንደሚደፈነው ይደፈንበታል። የአየር ግፊቱ አልተቀየረም፣ ግን ስሜቱ እውነት ነው፣ ማቅለሽለሽም ሊያመጣ ይችላል። አምስት ደቂቃ አድርገህ ከተሰማህ በጣም ጠንካራውን ካንስሌሽን አትግዛ፣ ደረጃው የሚቀነስ ፈልግ ወይም ጭራሽ የሌለው።

ብሉቱዝ ላይ ብዙ አታስብ፣ ድምፁ ተጨምቆ የሚላክበት መንገድ ኤስቢሲም ኤኤሲም ኤልዳክም ይሁን በዚህ ዋጋ የድራይቨሩና የስፖንጁ ልዩነት ይበልጣል። ቪዲዮ ከፍተህ የሰው ከንፈርና ድምፁ መገጣጠሙን እይ፣ አንድ ስልክ ደውለህ ማዶ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚሰማህ ጠይቀው፣ በቃ። ይልቅ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ቻርጅ ሲያልቅ በገመድ ይሰራል ወይ የሚለውን አረጋግጥ፣ አጥፍተኸው ኬብሉን ሰካና ስማው። ብዙዎቹ ይሰራሉ፣ ግን አንዳንዱ ያኔ ድምፁ ሌላ ሰው ይሆናል።

ቤት ከገባ በኋላ

ሱቅ ውስጥ ያለፈ ሄድፎን ሁሉ አላለፈም። ከመክፈልህ በፊት "ጋሼ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተስማማኝ ካርቶኑን ሳልጎዳ እመልሳለሁ" ብለህ ተስማማ፣ ብሩን ባይመልስልህ በሌላ ዕቃ ለመቀየርም ቢሆን ተስማማ፣ በደረሰኝ ወይም በምስክር ፊት። ከዛ እንደምትጠቀምበት ተጠቀምበት፣ ሁለት ሰዓት ሳታወልቀው ቁጭ በል። ስታወልቀው እፎይ ካልክ መልሰው፣ ስታወልቀው ቅር ካለህ ያዘው። ድምፁም እንደዛው ነው፣ ሰዓት ሰምተህ ጆሮህ ከደከመ ቀጭኑ ድምፅ በዝቷል። "ሲሰራበት ድምፁ ይከፈታል" የሚሉት ወሬ በአብዛኛው ስፖንጁ መለስለሱና ጆሮህ መልመዱ ነው፣ በዛ ተስፋ መጥፎ ሄድፎን አትያዝ።

ቮሊዩሙንም ልብ በል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው 80 ዴሲቤል ላይ በሳምንት 40 ሰዓት፣ 90 ላይ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ከባህር ዳር አዲስ አበባ በአውቶብስ ስትሄድ ሞተሩን ለማሸነፍ ቮሊዩም እየጨመርክ ከሄድክ የሳምንት ድርሻህ መንገድ ላይ ያልቃል፣ በደንብ የሚገጥም ስፖንጅ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ኮፒ እንዳይሆንብህ ደግሞ ኩባንያው የራሱ አፕ ካለው ሱቁ ውስጥ እያለህ አውርደህ አገናኘው። ኮፒው ብሉቱዝ ላይ ስሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፣ አፑ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። ዳታ ከሌለህ የባለሱቁን ዋይፋይ ጠይቅ፣ ኦርጅናል ነው ያለ ሰው ዋይፋይ አይከለክልህም።